ከድሬ እስከ ሐረር ቻርጅ ላይ ሆኖ የሚቀንስ ስልክ፦ ሆልደር፣ ገመድና ፊውዝ

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ካርታ ተከፍቶ፣ የስክሪኑ ብርሃን እስከ ጫፍ ተለቆ ጉዞ ይጀመራል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርስ ባትሪው ከተነሳበት ቀንሶ ይገኛል፤ የቻርጅ ምልክቱ ግን መንገዱን ሙሉ በርቶ ነበር። ያኔ ሁሉም ቻርጀሩን ይወቅሳል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወርዶ ሌላ ይገዛል፣ ያም ያው ይሆናል፣ ሦስተኛ ይገዛል። ቻርጀር ከመቀየሩ በፊት ግን ስልኩ የተቀመጠበት ቦታና ገመዱ መታየት አለባቸው። አብዛኛው ችግር እነዚህ ሁለቱ ላይ ያልቃል።

ከቦታው እንጀምር። አፕል ለአይፎን የሚሰጠው የአጠቃቀም ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ስልኩ ጠፍቶ እንኳ ሲቀመጥ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን ይላል። የሌሎቹም ስልኮች ባትሪ ያው ሊቲየም ስለሆነ ብዙ አይለይም። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦም 35 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ 70 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። ሊቲየም ባትሪ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስልኩ ራሱን ለማዳን የሚቀበለውን አምፒር ይቀንሳል፣ ከዚያም ጭራሹን ይዘጋዋል። አንዳንዱ ስልክ «ሙቀት ስለበዛ ቻርጅ ተቋርጧል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ምልክቱን እያበራ ዝም ይላል። ሰው የሚታለለው በዚህ ዝም በሚለው ነው።

ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ። ስልኩን ከመስታወቱ ሥር አንሱትና ከቨሩን አውልቃችሁ፣ ካርታውን እንደተከፈተ ትታችሁ፣ በዚያው ቻርጀርና በዚያው ገመድ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ተዉት። እዚያ በደንብ ከሞላ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፤ ምንም ያህል ውድ ቻርጀር ብትገዙ ለውጥ አታዩም። እንዲያውም ፈጣን ቻርጀር ስልኩን ከውስጥ ስለሚያሞቀው ነገሩን ያባብሰዋል። ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ሆልደርም (የስልክ መያዣ) እንደዚሁ ነው፤ ከሚወስደው ኃይል ጥሩ ድርሻ ያለው ወደ ሙቀት ተቀይሮ በስልኩ ጀርባ ይቀራል። ለሐረር አየር ይሆን ይሆናል፣ ለድሬ ከሰዓት ግን ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

እንግዲህ ሆልደሩ የት ይሁን? አየር ማቀዝቀዣው ለሚሠራ መኪና ከሁሉም የሚሻለው የአየር መውጫው ላይ የሚሰካው ነው፤ ቀዝቃዛው አየር የስልኩን ጀርባ እየመታ ይሄዳል። ሲገዛ ግን ዓይነቱ ይለያል። በስፕሪንግ ብቻ የሚነክሰው በኮረኮንች መንገድ ይንሸራተታል፤ ከኋላ መንጠቆ ኖሮት የአየር መውጫውን ክንፍ ይዞ በብሎን የሚጠብቀው ይሻላል። ቪትዝና አሮጌ ኮሮላ ላይ እነዚህ ክንፎች ስስ ፕላስቲክ ናቸው፤ ለዓመታት ፀሐይ ስላደረቃቸው 200 ግራም ከሚያልፍ ስልክ ጋር ሲንቀጠቀጡ ከሥራቸው ይሰበራሉ። ስለዚህ ከታች በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የሚደገፍ እግር ያለውን ምረጡ። ዳገቱን ወጥታችሁ ብርድ ሲመጣና ማሞቂያ ስትከፍቱ ደግሞ ያ መውጫ መዘጋት አለበት። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ስልኩ ከድሬ ፀሐይ ተርፎ በሐረር ማሞቂያ ይጠበሳል።

በመምጠጫ ጎማ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ለመጫን ቀላል ቢሆንም ስልኩን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ይሰቅለዋል። ሌላ አማራጭ ከሌለ በመሪው በስተቀኝ በታችኛው ጥግ፣ መንገዱን በማይሸፍን ቦታ ይሁን። የሚወድቅበት ምክንያት አቧራ ነው። ጎማው የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን አለው፤ የድሬ አቧራ ሲሸፍነው አይዝም። በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ከደረቀ ይመለሳል፤ በጨርቅ ከተጠረገ ግን ክሩ ተጣብቆ ይቀርበታል። መስታወቱም በአልኮል መጠረግ አለበት። ጎማው ጫፉ ከተጠቀለለ ወይም ከጠነከረ ማጠብ አይመልሰውም።

በባለሁለት ገጽ ማጣበቂያ ዳሽቦርድ ላይ የሚተከለው በትክክል ከተሠራ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ችግሩ በትክክል የሚሠራው ጥቂት መሆኑ ነው። የመኪና አጣቢዎች ዳሽቦርዱን የሚያብለጨልጩበት ፈሳሽ ሲሊኮን አለው፤ በሲሊኮን ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ፣ ቀጥሎ ግማሽ በግማሽ በውኃ በተበረዘ አልኮል ሁለት ጊዜ ይጠረግና በደንብ ይድረቅ። ሥራው በጠዋት፣ ዳሽቦርዱ በእጅ ሲነካ ሳያቃጥል ይሁን። ማጣበቂያው ከተጫነ በኋላ ለ20 ሰከንድ በኃይል ይደገፋል፣ ከዚያ ስልክ ሳይሰቀልበት ያድራል። ጥሩ የአክሪሊክ ማጣበቂያ ከ24 ሰዓት በኋላ የጥንካሬውን 90 በመቶ ገደማ ያገኛል፤ ሙሉው የሚመጣው በ72 ሰዓት ነው። ለጥፎ በዚያው ደቂቃ ስልክ መስቀል ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያል። ዳሽቦርዱ ለስላሳ ከሆነና እንደ ቆዳ የሚጨመቅ ከሆነ ግን ማጣበቂያውን ተዉት፤ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል።

በተሳፋሪው በኩል የኤርባግ ጽሑፍ ያለበት ክዳን ላይ ምንም ነገር አይተከልም። ኤርባግ የሚከፈተው ከሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ሆልደር ወደ ተቀመጠው ሰው ፊት ይወረወራል። ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ቋሚ ውስጥ ሽቦ የምትቀብሩም እንደዚሁ፤ መጋረጃ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ሽቦው ከኤርባጉ ኋላ እንጂ ከፊቱ አይለፍ።

አሁን ወደ ገመዱ። ካርታ ተከፍቶ ስክሪኑ ሙሉ የበራ ስልክ ከ3 እስከ 5 ዋት ይበላል፤ ኔትወርክ በሚደክምበት ተራራ ላይ ፍለጋው ሲጨመር ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋል። 5 ቮልት በ1 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር በአጠቃላይ 5 ዋት ነው። ገቢና ወጪው እኩል ሆነ ማለት ነው፣ ባትሪው ምንም አይተርፈው። ለዚህ ሥራ ቢያንስ 10 ዋት፣ ማለትም 5 ቮልት በ2 አምፒር፣ ስልኩ ጋ መድረስ አለበት። «ቻርጀሩ ላይ 2 አምፒር ተጽፏል» ማለት ደግሞ ስልኩ ጋ ደርሷል ማለት አይደለም።

ርካሹ ቀጭን ገመድ ውስጥ ያለው የኃይል ሽቦ 0.08 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ሜትር ገመድ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.43 ኦም ይሆናል። 2 አምፒር ሲያልፍበት 0.86 ቮልት እዚያው ገመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ከ5 ቮልቱ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.14 ብቻ ነው። ስልኩ ቮልቱ መውረዱን ሲያይ የሚጎትተውን አምፒር ራሱ ስለሚቀንስ 2 የነበረው ወደ 1 ይወርዳል። የሽቦው ውፍረት 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ ጠቅላላ የሚጠፋው 0.34 ቮልት ነበር። የ2 ሜትር ገመድ ደግሞ ይህን ሁሉ እጥፍ ያደርገዋል፤ ከኋላ ወንበር ድረስ የሚዘረጋው ረጅም ገመድ ስልክ የማይሞላው ለዚህ ነው። አንዳንድ ገመድ ላይ በደቃቅ ፊደል 28 እና 24 የሚሉ ቁጥሮች በእዝባር ተለይተው ይታተማሉ፤ ሁለተኛው የኃይል ሽቦው ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ያልተጻፈበትን ስትገዙ ከሆልደሩ እስከ ላይተሩ (የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ) ለክታችሁ የሚበቃውን አጭሩን ውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ነው።

ፈጣን ቻርጀር ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይዞራል። 18 ዋት በ5 ቮልት ቢላክ 3.6 አምፒር ያስፈልግ ነበር፤ በ9 ቮልት ሲላክ 2 አምፒር ይበቃል። ገመዱ የሚበላው ቮልት ከ9 ላይ ሲቀነስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን ቻርጀሩ፣ ገመዱና ስልኩ ሦስቱም በአንድ ቋንቋ መነጋገር አለባቸው። ስልኩ የቻርጀሩን ፈጣን ዘዴ ካላወቀው ወደ ተራው 5 ቮልት ይመለሳሉ። ስለዚህ ስልኩ ይዞት የመጣውን የቤት ቻርጀር ጀርባ አንብቡ፤ 9 ቮልት የሚል ካለበት ለመኪናውም 9 ቮልት የሚጽፍ ፈልጉ። ሁለት ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ላይ «3.1 አምፒር» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ የሁለቱ ድምር ነው፤ ሁለት ስልክ ከተሰካ ይካፈሉታል። በቻርጀሩና በገመዱ መሃል የምትሰካ ቮልትና አምፒር የምታሳይ ትንሽ ዩኤስቢ ሜትር ካገኛችሁ ግዟት፤ ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ስታዩ ክርክር ያልቃል።

ሌላ ቶሎ የሚታይ ነገር የስልኩ ቀዳዳ ነው። ገመዱ ጠቅ ብሎ ካልገባ ውስጡ የኪስ ክርና አቧራ ተጠቅጥቋል። ስልኩ ጠፍቶ በእንጨት ስንጥር ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ መርፌ አይግባበት።

ላይተሩ ላይ ደግሞ ቻርጀሩ በእያንዳንዱ ጉድጓድ እየጠፋ የሚበራ ከሆነ መገናኛው ልል ነው። መሃል ያለችው ፖዘቲቭ፣ የጎኑ ግድግዳ ኔጋቲቭ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፣ የላይተሩ ፊውዝ ይነቀል፣ ከዚያ የጠቆረው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፤ የቻርጀሩ የጎን ምላሶችም በጥቂቱ ወደ ውጭ ይሳቡ። ልል መገናኛ ይሞቃል፣ ቆይቶም ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ቻርጀሩ ሲወጣ ጫፉ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ቡናማ ቀለም ካለው እንደገና አይሰካ።

የላይተር ፊውዝ በአብዛኛው 15 አምፒር፣ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ 10 ቀይ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ። 18 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ሞተሩ እየሠራ ከመኪናው የሚወስደው 1.6 አምፒር ያህል ብቻ ስለሆነ በስልክ ምክንያት ፊውዝ አይበጠስም። የሚበጠሰው በክፍት ላይተር ውስጥ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ወይም ቁልፍ ሲገባበት፣ ወይም በሦስት አፍ ማከፋፈያ ላይ የጎማ መንፊያና ኢንቨርተር (የመኪናውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) አብረው ሲሰኩ ነው። 150 ዋት ኢንቨርተር ሙሉ ሲጫን ብቻውን ወደ 15 አምፒር ይጠጋል። የተበጠሰውን በዚያው ቁጥር መተካት ነው። በ30 አምፒር ወይም በብርማ ወረቀት የተካ ሰው ፊውዙን ወደ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሽቦ አዛውሮታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ላይተሩን ነፃ ለማድረግ ወይም ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ለመትከል በቋሚነት መስመር ማውጣት የሚፈልግ ሰው የፊውዝ ታፕ፣ ማለትም በአንድ ፊውዝ ቦታ ገብቶ በራሱ ፊውዝ ሁለተኛ መስመር የሚያወጣ መሰኪያ፣ ይጠቀም፤ ዋናውን ሽቦ ልጦ በፕላስተር መጠቅለል ይቅር። በቴስተር ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚያሳይ፣ ሲዘጋ የሚጠፋ ፊውዝ ይፈለጋል፤ ሬዲዮ ወይም ላይተር ይሆናል። የኤርባግ፣ የፍሬንና የሞተር ኮምፒዩተር ፊውዝ አይነካም። ፊውዙ ሲነቀል ከሁለቱ ቀዳዳ አንዱ ብቻ ቮልት አለው። ታፑ ላይ ለሁለቱም ፊውዞች የጋራ የሆነው እግር መግባት ያለበት እዚያ ነው። ዞሮ ከገባ የአዲሱም ጭነት በአሮጌው ፊውዝ ውስጥ ያልፋል። መፈተኛው ይኸው፦ የድሮውን ፊውዝ ከታፑ ላይ አንሱና አዲሱን ብቻ ተዉ፤ አዲሱ መስመር ኃይል ካለው በትክክል ገብቷል፣ ከጠፋ አዙሩት። ለቻርጀር 5 አምፒር ፊውዝና 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። ኔጋቲቩ ቀለም በተፋቀበት የቦዲ ብሎን ላይ በተጨመቀ ተርሚናል ይታሰር። ሽቦው ከፔዳልና ከማርሽ ይራቅ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰር።

መስመሩን ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ ከወሰዳችሁ ሒሳቡን አስሉ። ትንሽ ቮልት ማሳያ ያለው ቻርጀር ብቻውን 20 ሚሊ አምፒር ቢጎትት በቀን ግማሽ አምፒር ሰዓት አይሞላም፤ 45 አምፒር ሰዓት ባትሪን ለማጎደል ሳምንታት ይፈጅበታል። ቆሞ የሚቀርጽ ዳሽካም ግን 0.3 አምፒር ከወሰደ በቀን 7.2 ነው፤ በሦስት ቀን የባትሪው ግማሽ ይሄዳል። ቀድሞ የደከመ ባትሪ ከሆነ በነጋታው ሞተሪኖው ላይዞር ይችላል።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጉዳይ ለብቻው ነው። ከባዱ መኪና 24 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ 28 ይደርሳል። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚያ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ከ12 እስከ 24 የሚል ይኑረው። ከሁሉ የከፋው ልማድ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ይዞ 12 ቮልት መውሰድ ነው። ያ ባትሪ ብቻውን ይጎድላል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላቸው ሙሉው ከልክ በላይ እየተሞላ ውኃው ያልቃል፣ ጎዶሎው ደግሞ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁለቱም ይሞታሉ። ትክክለኛው መፍትሔ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ የ10 አምፒር ኮንቨርተር ከፊውዝ ጋር መትከል ነው፤ ከሁለት ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በከባድ መኪና ባትሪ ትንሽ መኪና በገመድ ማስነሳትም አይሞከር፤ ቻርጀሩ ከሚቀጣጠሉት የመጀመሪያው ነው።

የሐረሮቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች 12 ቮልት ናቸው፤ የሚሠራ ላይተር ከሌላቸው ግን ከባትሪው አዲስ መስመር ይወጣል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ ሩቅ ከሆነ በመካከል ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውም። የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ግን አስቀድሞ ባትሪውን ይለካ፣ 6 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ተራ ቻርጀር በዚያ አይሠራም።

ባጃጅ ላይ ቻርጀር በየወሩ የሚሞት ከሆነ አትግዙ፣ ለኩ። ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጥ በባትሪው ላይ 14.5 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት። 16 እና ከዚያ በላይ ከሄደ ሬክቲፋየሩ (ለባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚያስተካክለው) ተበላሽቷል፤ ቀጥሎ አምፖሎቹና ባትሪው ይከተላሉ። ጋዝ ተሰጥቶም ከ13 ካላለፈ ደግሞ ስልኩ የሚሞላው ከባትሪው እየተወሰደ ነው፤ በማግሥቱ ማስነሻው ይደክማል። የላላ የባትሪ ተርሚናልም ሞተሩ እየሠራ ሲላቀቅ ቮልቱን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚያዘልለው ከሆልደሩ በፊት ተርሚናሉን አጥብቁ። መሪው ላይ በብረት የሚታሰር ሆልደር ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ካሜራው ያስተላልፋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር፤ ባጃጅም ከዚያ አይሻልም። በመካከል ወፍራም ጎማ ይግባ፣ ወይም ሆልደሩ ከመሪው ወርዶ በአካሉ ላይ ይታሰር።

ከምሳ በኋላ ድሬ ጋደም ስትል መኪናው ፀሐይ ላይ ይቀራል። በከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቦታ ካልተገኘ የፊት መስታወቱ በካርቶን ወይም በብርማ ጋሻ ይሸፈን። ስልክና ፓወር ባንክ መኪና ውስጥ አይቀሩም፤ የጓንት ሣጥኑ ከዳሽቦርዱ ይሻላል እንጂ አይቀዘቅዝም። ያበጠ ፓወር ባንክ ደግሞ የትም አይሰካ። ዳሽካም የምትገዙ ከሆነ በውስጡ ሊቲየም ባትሪ ሳይሆን ካፓሲተር ያለውን ጠይቁ፤ ባትሪ ያለው በድሬ መስታወት ሥር ብዙ ሳይቆይ ያብጣል።